የመድኃኒትን ጉዳት አስቀድሞ የሚያሳይ የጉበት ቺፕ

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 15 የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ፊያሉሪዲን የተባለ አዲስ መድኃኒት በሙከራ መልክ ይወስዱ ነበር። መድኃኒቱ አስቀድሞ በእንስሳት ላይ ሲሞከር ይህ ነው የሚባል የጉበት ጉዳት አላሳየም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የሰባቱ ሕሙማን ጉበት ክፉኛ ተጎዳ፤ አምስቱ ሲሞቱ ሁለቱ በጉበት ንቅለ ተከላ ተረፉ።

ምክንያቱ የተገለጠው ቆይቶ ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ ይህን መድኃኒት የሚያስገባ በር አለው፤ የአይጥ ሚቶኮንድሪያ ግን ይህ በር የለውም። አይጧን ያዳናት አይጥነቷ ነበር።

የጉበት ቺፕ የተሠራው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። መጠኑ ከኮምፒውተር ፍላሽ እምብዛም አይበልጥም። ብርሃን በሚያሳልፍ፣ ላስቲክ መሰል ቁስ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ከላይና ከታች ተቀርጸው፣ በመካከላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ገለፈት ተዘርግቷል። በላይኛው ቦይ የሰው ጉበት ዋና ሕዋሳት፣ በታችኛው ደግሞ የደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳትና አጋሮቻቸው ይኖራሉ። እንደ ደም ሁሉ ምግብ የሚያደርስላቸው ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፍሰቱ ቀላል ነገር አይምሰለን፤ በሳህን ላይ፣ በረጋ ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጡ የጉበት ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ሥራቸውን ይዘነጋሉ። የሚፈተነው መድኃኒት ከፈሳሹ ጋር ተቀላቅሎ ሲያልፍ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱ አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን ማምረት መቀነሳቸውን፣ ቅርጻቸው መለወጡንና መሞታቸውን ይከታተላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ባሕርያቸው አስቀድሞ የታወቀ 27 መድኃኒቶችን በ870 ቺፖች ፈትኗል። ጉበትን ከሚጎዱት መካከል 87 በመቶውን ለየ፤ ጉዳት የሌለውን መድኃኒት ግን አንዱንም ጎጂ ነው አላለም። ጥናቱን የመራው ቺፑን የሚሠራው ኤሙሌት የተባለ ኩባንያ ራሱ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ሕግ ተሻሽሎ፣ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳት ይፈተን የሚለው ድንጋጌ ቀረ፤ የእንስሳት ሙከራ ግን አልተከለከለም።

ቺፑ የማይደርስበትም አለ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ብዙዎችን ሳይነካ የጥቂቶችን ጉበት ይጎዳል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት ፍጥነት በዘር ውርስ ከሰው ሰው መለያየቱ ነው። ከጥቂት ለጋሾች በተገኙ ሕዋሳት የተሠራ ቺፕ ይህን ሁሉ ልዩነት ሊወክል አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱን ጀምሮ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ማስመለስ የጸናበት ሰው የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።