ቤት ሲታደስ ከማድቤቱ ይጀመር

በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በአገራችን የተለመደ ሥራ ሆኗል። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ለዚሁ ሥራ የተመደብን ተማሪዎች ነን። በጎ ፈቃደኞች ይሉናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስማችን በዝርዝር ወጥቶ ነው የመጣነው። የሆነ ሆኖ ከመጣን ወዲህ ሥራውን ወደነዋል። ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢ እናካፍላለን።

ቤት ማደስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቆርቆሮ መቀየርንና ቀለም መቀባትን ነው። ቀለም ያምራል፤ ፎቶግራፍ ላይማ ይበልጥ ያምራል። ይሁን እንጂ የድሃ ቤት ገንዘብ በየቀኑ የሚፈሰው በጉልቻው በኩል ነው። እመቤቲቱ ማገዶዋን ወይ ትገዛለች፣ ወይ ከሩቅ ተሸክማ ታመጣለች። ያ ማገዶ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት ከመቶ እጅ 10 ወይም 15 ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በጎንና በጎን ያመልጣል። እንግዲህ አሥር እንጨት ብትማግድ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ የሚነደው ለነፋስ ነው!

ጭሱስ? ዓይን አስለቅሶ ብቻ አይተውም። ሳንባ ይጎዳል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ከቤት ውስጥ ማገዶና ጭስ የተነሣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። አብዝተው የሚተነፍሱት ከእሳቱ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ልጆች ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራ «ምርጥ» የሚባል የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ አለ። ሲሚንቶ ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ይወጣል። ስድስት ቁራጭ ነው። አራቱ እሳቱን ዙሪያውን ይከባሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ተጋጥመው የድስት መቀመጫ ይሆናሉ። እሳቱ ስለተከበበ ሙቀቱ ወደ ምጣዱ ይሄዳል። ከኋላ የሚወጣው ትኩስ አየርም ድስቱን ያሞቃል፤ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ውሃ ይሞቃል ማለት ነው። በደንብ ከተተከለና በአግባቡ ከተያዘ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

በደንብ ከተተከለ ያልነውን ልብ በሉ። ምድጃው በምጣዱ ልክ መሆን አለበት፤ ከሰፋ ነበልባሉ በዙሪያው ያመልጣል። የሚቀመጥበት መሬት ይስተካከል፤ መጋጠሚያው በጭቃ ይመረግ። እንጨቱ ይፈለጥና ይድረቅ። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ የሚያነደው የራሱን ውሃ ነው፤ የሚያበዛውም ጭስ ነው። ምድጃ አድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ለማንም አይከብድም። ከባለቤቷ ጋር አንድ ጊዜ ሳይጋግሩ መሄድ ግን ሥራውን ሳይጨርሱ መሄድ ነው፤ ሲሚንቶው ጥግ ላይ የዶሮ መቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

አንዲት እናት ምድጃውን ስንገጥም እያዩ፣ «ልጆቼ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ሳቁብን። «እማማ፣ ወጡስ የእጅዎ ነው፤ እኛ የመጣነው ለማገዶው ነው» አልናቸው። የምድጃው አፍ ወዴት እንደሚዞር የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ነፋሱ በየት እንደሚገባ ከእሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ከፍታው ከማገዶም ጋር ጉዳይ አለው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ባቄላና ሽንብራ ቶሎ አይበስሉም። ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ምንም አያስወጣም፤ ብዙ እንጨት ግን ያተርፋል። ሌላም ዘዴ አለ። ድስቱ በደንብ ከፈላ በኋላ ክዳኑ ሳይከፈት ይወርድና ጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከላይ በአሮጌ ጋቢ ይሸፈናል። ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ሊበላ ሲል እንደገና ማፍላት ነው።

ወደ መኝታ ቤቱ እንለፍ። የተሰነጠቀ ግድግዳ ብርድ ያስገባል፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮም ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ያስወጣል። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ስንጥቁ ይመረግበታል። የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ኮርኒስ ይሆናል፤ ማድቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይደረግም፤ እሳት ይቀጣጠልበታል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። በደጋ አገር ብዙ ሰው የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ይተኛል። ከከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። መልክ የለው፣ ሽታ የለው! ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ጠፋ ሲባልም መርዙ አይጠፋም። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። አሁን አስቡት፦ እኛ መጥተን ስንጥቁን ሁሉ ደፈንን፤ ያ ነፋስ ሲገባበት የነበረ ቤት ተዘጋ። ባለቤቶቹ ከሰል ማስገባታቸውን ካልተዉ፣ ለደግ ብለን የሠራነው ሥራ ቤተሰብ ይጨርሳል። ስለዚህ እኛ ግድግዳ ከመመረጋችን በፊት ማታ ቤቱ በምን እንደሚሞቅ እንጠይቃለን። በከሰል ከሆነ ጉዳዩን ከነልጆቹ፣ ከነጎረቤቱ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ ከሰሉ ውጭ ሳይቀር ምርጊት አንጀምርም። ከጣራው ሥር አየር ማስተላለፊያም እንተዋለን። ማድቤቱም ቢሆን ጭስ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቀንሳል እንጂ ጭሱን ጨርሶ አያጠፋም። በዚህ የተነሣ በቀን የምንጨርሰው ቤት ጥቂት ነው፤ ሪፖርት ላይም ቁጥሩ ያንሳል። ይነስ!

ምድጃው መጥቀሙን እንዴት እናውቃለን ለምትሉ፣ ደብተር ይበቃል። አንድ ሸክም እንጨት የተጀመረበትን ቀን መጻፍ፤ ያለቀበትን ቀንም አጠገቡ መጻፍ። ከምድጃው በፊት ሁለት ሸክም፣ ከምድጃው በኋላ ሁለት ሸክም እንዲህ ከተመዘገበ ልዩነቱ ይታያል። በእንግድነት የሚበላ ሰው የመጣበት ቀን ካለ እሱም ይጻፍ፤ አለዚያ ሒሳቡ ይሳሳታል። እማማ የራሳቸውን ደብተር ጀምረዋል፤ እርሳሱን ከምሰሶው ላይ በክር አስረውታል።