ስለ ካምቢዮ ዘይት አመራረጥና በአንድ ቤተ ዘመድ መካከል ስለ ተነሣው ክርክር

ክቡራን አንባቢዎቻችን በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳና ስለ ቤት ወጪ የሚጻፈውን ማንበብ ለምደዋልና ዛሬ ስለ መኪና ዘይት መጻፋችንን ሲያዩ ይህ ከቤተ ሰብ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው ይሉን ይሆናል። ነገር ግን በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ እንዲሁም በዙሪያቸው ባለው ገጠር፥ አባቶቻችን ሀብታቸውን በበሬና በላም ያኖሩት እንደ ነበረ፥ ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ ጥሪቱን አሟጦ በአንዲት ሚኒባስ ወይም በአንድ አይሱዙ ላይ ያኖራል። በሬ ቢታመም ጎረቤት ሁሉ መድኃኒቱን ያውቅለታል፤ ካምቢዮ ሲታመም ግን የሚያውቅለት ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከሕመሙ ይልቅ ከእርሱ የሚነሣው ጠብ ቤቱን ይጎዳዋል። ይህንም በገዛ ዘመዶቻችን ላይ ስላየነው ነው ለመጻፍ የተነሣነው።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። እኅታችን ባሏ ከሞተባት በኋላ እርሱ የተከለውን ባሕር ዛፍ ሸጣ፥ ከዕቁብ የወጣላትንም ገንዘብ ጨምራ፥ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ገዛች። ሹፌሩ የባሏ የወንድም ልጅ ነው፤ እትዬ ብሎ የሚጠራት፥ በእጇ እየበላ ያደገ ልጅ። መኪናዪቱ ቡሬ እያደረች ማለዳ ወደ ፍኖተ ሰላም ትወርዳለች፤ ገበያ በሆነ ቀንም እስከ ደምበጫ ትሄዳለች። ጥቂት ወራት እንደ ሠራች ከካምቢዮዋ ውስጥ የማፏጨት ድምፅ ይሰማ ጀመር። እኅታችንም ወደ አንድ ጋራዥ አስወሰደቻት፤ ሠራተኛውም «ወፍራም ዘይት ይግባባት፤ ድምፁን ይውጠዋል» አለ። እንዳለውም ድምፁ ጠፋ።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብርዱ በሚጠናበት በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሁለተኛው ማርሽ አልገባም ይል ጀመር፤ ሲገደድም ጥርስ ለጥርስ እየተፋጨ ይጮኻል። ተሳፋሪው ይሳቀቃል፤ ረዳቱ ይስቃል። እኅታችንም ልጁ መሪ ጨብጦ መኰራት እንጂ መኪና መያዝ አያውቅም ብላ፥ ካምቢዮውን የሰበረው እርሱ ነው በማለት የሁለት ወር ደመወዙን ያዘችበት። የልጁ እናት ይህን ስትሰማ ከፋት፤ በሟቹ ሙት ዓመትም ሳትገኝ ቀረች። ወንድሙ ለሆነ ሰው ተዝካር የገዛ የወንድም ሚስት አለመምጣቷ በአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በመጨረሻው ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ለሽማግሌ ተሰጠ። እኛም ሥራችን መጻፍ ስለ ሆነ ውሉን እንድንጽፍ ወረቀትና ብዕር ይዘን ከዳር ተቀመጥን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በወጣትነታቸው ብዙ ዘመን ተሳቢ መኪና እየነዱ የዓባይን በረሓ የተመላለሱ ናቸው። ሁሉም ማን አጠፋ ማን በደለ ሲባባል እርሳቸው ዝም ብለው ቆዩና «እኅቴ ሆይ፥ የገባው ዘይት ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁ። እኅታችን አታውቅም፤ ነገር ግን ጀሪካኑን ጥላው አልነበረምና፥ አጥባ የነጭ ጋዝ ማኖሪያ ያደረገችውን ከጓዳ አወጣችው። በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ግማሹ ቢላጥም «ጂ.ኤል. 5» እና «85 ደብልዩ 140» የሚለው ይነበባል። ሽማግሌውም «ይህ የዲፈረንሲያል ዘይት ነው፤ ልጁን ተዉት» አሉ።

አንባቢ የዚህን ፍርድ ምክንያት ይረዳው ዘንድ የካምቢዮን ጠባይ በጥቂቱ ልንገልጽ ይገባናል። በካምቢዮ ውስጥ በልዩ ልዩ ፍጥነት የሚዞሩ ባለ ጥርስ መዘውሮች አሉ። ማርሽ በምንለውጥበት ጊዜ የሚገናኙት ክፍሎች ፍጥነታቸው ካልተስተካከለ ጥርሳቸው ይፋጫል። በቀድሞ ዘመን ይህን ማስተካከል የሹፌሩ ሙያ ነበር፤ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፥ በመካከሉም ነዳጅ ነካ እያደረገ በጆሮው ያስማማው ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የአሜሪካው ካዲላክ ፋብሪካ ይህን ድካም የሚያስቀር መሣሪያ በመኪናዎቹ ላይ አወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ሌሎቹ ሁሉ ተዛመተ። መሣሪያው ሲንክሮናይዘር ይባላል። ዋና ነገሩም፥ ብዙ ጊዜ ከናስ የሚሠራ ቀለበት ነው፤ ማርሹ ሊገባ ሲል ቀለበቱ ሾጠጥ ያለውን የመዘውሩን አንገት ጨብጦ በሰበቃ ያስቆመዋል ወይም ያፈጥነዋል፤ ፍጥነታቸው አንድ ሲሆን ጥርሱ ያለ ጩኸት ይገባል።

እንግዲህ ይህ ቀለበት ሊጨብጥ የሚችለው በመካከል ያለውን ዘይት ገፍቶ ሲያወጣ ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ወፍራም ከሆነ፥ ይልቁንም በብርድ ጊዜ፥ ቀለበቱ በማር ላይ እንደሚንሸራተት ጣት ሆኖ መጨበጥ ያቅተዋል፤ መዘውሮቹም በወፍራሙ ዘይት እየተጎተቱ ለመስማማት ይዘገያሉ። ቀን ሲሞቅ ዘይቱ ስለሚቀጥን ችግሩ ይቀንሳል። የእኅታችን መኪና ማለዳ አምፃ ከቀትር በኋላ የምትገራው በዚህ ምክንያት ነበር፤ እኛ ግን ልጁ ማለዳ እንቅልፉ ሳይለቀው ስለሚነዳ ነው ብለን እናማው ነበር።

ዘይት የሚመርጥ ሰው በጣሳው ላይ ሁለት ነገር ማንበብ አለበት። መጀመሪያው ውፍረቱን የሚያመለክተው ቁጥር ነው። «75 ደብልዩ 90» የተባለ እንደ ሆነ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን፥ የኋለኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ጠባይ ይናገራል። 75 ደብልዩ የተባለው ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ ተፈትኖ ከተወሰነው ውፍረት ያላለፈ ነው፤ 85 ደብልዩ ግን የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ብቻ ነው። በቡሬ እንዲህ ያለ ብርድ የለም፤ ቢሆንም በፈተናው የተለያዩት ሁለቱ ዘይቶች በማለዳ ቅዝቃዜም ይለያያሉ። ደግሞም የማርሽ ዘይት ቁጥርና የሞተር ዘይት ቁጥር በአንድ ሚዛን የተሰፈሩ አይደሉም፤ 90 የተባለው የማርሽ ዘይት ውፍረቱ 40 ወይም 50 ከተባለው የሞተር ዘይት ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ሳያውቁ 90 ከ40 እጥፍ ይወፍራል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውናል።

ሁለተኛው «ጂ.ኤል.» የሚለው ምልክት ነው። ጂ.ኤል. 5 በዲፈረንሲያል ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ በብርቱ ለሚጫኑ ጥርሶች የተሰናዳ ሆኖ፥ ብረት ከብረት እንዳይበላላ የሚከላከል ከድኝና ከፎስፎረስ የተሠራ ቅመም በብዛት ይገባበታል። ጂ.ኤል. 4 የዚህን ቅመም ግማሽ ያህል ይይዛል። ቅመሙ ለብረት ደግ ቢሆንም አንዳንዱ ለናስ አይስማማም፤ ይልቁንም ሲሞቅ የቀለበቱን ፊት ይበላዋል። ከዚህም ሌላ ዘይቱ ልስላሴው ስለሚበዛ ቀለበቱ በሚጨብጥበት ስፍራ ያንሸራትታል። እንዲህ ስንል ግን ጂ.ኤል. 5 ሁሉ ለካምቢዮ መርዝ ነው ማለታችን አይደለም። ሁለቱንም የሚፈቅዱ ሠሪዎች አሉ፤ ቶዮታ ለብዙዎቹ ካምቢዮዎቹ 75 ደብልዩ 90 ይሁን እንጂ ጂ.ኤል. 4 ወይም ጂ.ኤል. 5 ቢሆን ይቀበላል። አይሱዙ ደግሞ ለአንዳንዶቹ ካምቢዮዎቹ የሞተር ዘይት ያዛል፤ ይህን ለባለ አይሱዙ ስንነግረው ብዙ ጊዜ አያምነንም። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የሚጨመረውን ቀይ ዘይት በእጅ ለሚለወጥ ካምቢዮ የሚያዙም አሉ። ስለዚህ ከሠሪው መጽሐፍ በቀር የሚታመን ምስክር የለም፤ መጽሐፉ ከመኪናዪቱ ጋር ባይገኝ የካምቢዮውን ዓይነት ለይቶ ለሚያውቅ ዕቃ ሻጭ ማሳየት ይገባል።

ባጃጅ ለገዙም ቤተ ሰቦች አንድ ቃል እንጨምር። በባጃጅ ውስጥ ሞተሩም፥ ማርሹም፥ ፍሪሲዮኑም በአንድ ዘይት ይኖራሉ። ስለዚህ ለቤት መኪና ሞተር የተሰናዳ፥ ማለስለሻ የበዛበት ዘይት ቢጨመርበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» የሚል ምልክት ያለበት ለዚህ ዓይነቱ የተመረመረ ነው።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት እርሳቸው ሲናገሩ ከግዕዝ የወጡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ከኢጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ጠላት ሲሄድ ቃሉ በየጋራዡ ቀርቷል። በማግሥቱ መኪናዪቱን ደልዳላ ስፍራ አቁመው፥ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፥ ልጁን ከሥር አስገቡት። አስቀድመው ያስፈቱት የላይኛውን፥ የመሙያውን ቡሎን ነበር። እኛም ለምን ብለን ብንጠይቅ «ዘይቱን አፍስሰን የመሙያው አልፈታ ቢል ምን እንሆናለን?» አሉን። ቀጥሎ የታችኛው ተፈታና ዘይቱ እንደ ሬንጅ እየተለጠጠ ወረደ። በታችኛው ቡሎን ላይ ብረት የሚስብ ማግኔት አለ፤ በዚያ ላይ እንደ አመድ የላመ ጥቁር ጭቃ ቢገኝ የሥራ ብልት ነው፥ የሚያስፈራ አይደለም፤ ስባሪ ጥርስ ቢገኝ ግን ካምቢዮው መከፈት አለበት። ናስ በማግኔት አይሳብምና ዘይቱን ራሱን በብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። ሲመለከቱትም ወርቅ የመሰለ ጥቂት ብልጭልጭታ ነበረበት። «ቀለበቱ ተጎድቷል፤ ግን አልሞተም» አሉ። ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ቢነጣ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ በክረምት በገጠር መንገድ ወንዝ እየተሻገሩ ወደ ቋሪት ወይም ወደ ሽንዲ የሚሄዱ ሁሉ ከክረምት በኋላ ይህን ቢያዩ መልካም ነው።

አዲሱ ዘይት 75 ደብልዩ 90፥ ጂ.ኤል. 4 ነበር። በመሙያው ቀዳዳ ሞልቶ መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ተጨመረ፤ ልኩም ይኸው ነው። አሮጌው ዘይት በዚያው ጀሪካን ተመልሶ ገባ፤ ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ እንዲሆን የፈለጉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እኛ ግን ዝናብ አጥቦ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወስደዋልና አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ አልን።

ማርሽ አልገባም ባለ ቁጥር ሁሉ ዘይት መለወጥ እንዳይመስላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ሁሉ በቀላሉ የሚገባ፥ ሞተሩ ሲነሣ ግን ሁሉም የሚያምፅና የኋላ ማርሽም የሚጮህ ከሆነ፥ ጥፋቱ ደህና አድርጎ የማይለቅ ፍሪሲዮን ነው። አንዱ ማርሽ ብቻ ሲያስቸግር፥ ይልቁንም ማለዳ ሲብስ፥ ያን ጊዜ ዘይቱንና ቀለበቱን መጠርጠር ነው። ይህም የምቾት ነገር ብቻ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ከፍ ካለው ማርሽ ወጥቶ ዝቅተኛው አልገባም ያለው መኪና በፍሬን ብቻ ይቀራል፤ ፍሬንም ሲግል ይከዳል። ሽማግሌው በዚያ መንገድ ስላዩት ነገር ሲጠየቁ ዝም አሉ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እኛ ራሳችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በዚያች ሚኒባስ ተሳፈርን። ልጁ ሁለተኛውን ማርሽ በሁለት ጣት አስገባውና ወደ ኋላ ዞሮ አየን። ነገር ግን የፈጣምን ወንዝ ሳንርቅ የቀድሞው የማፏጨት ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ ለካ ድምፁ ከመጀመሪያውም ያረጀ ኩሽኔታ ኖሯል፥ ወፍራሙ ዘይት ሸፍኖት እንጂ አልፈወሰውም። ኩሽኔታው ባይለወጥ ሌላውንም ይዞ እንደሚጠፋ ሽማግሌው ስለ ነገሯት፥ እኅታችን እያዘነች ገንዘቡን አወጣች።

የልጁን ደመወዝ ግን በአንድ ጊዜ ለመክፈል አልቻለችም። ስለዚህ በጻፍነው ውል የአንዱን ወር ወዲያው፥ የሁለተኛውን ከበርበሬ ገበያ በኋላ እንድትከፍል ተስማሙ፤ ልጁም ከእንግዲህ የሚገባውን ዘይት ስምና ቁጥር፥ ዘይቱ የገባበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ልክ በደብተር እንዲጽፍ ተደረገ። እናቱ ውሉን በጣቷ አተመች፤ ከዚያም ሳትጠራ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ከእኅታችን ጋር ቡናውን አብራ አቀረበች።