እንዶድና የልብስ ማጠቢያ አረፋ

ከሰንበቴ የእሁድ ገበያ የሚመለስ ሰው ከሚሸምታቸው ነገሮች መካከል በተለምዶ «ኦሞ» የምንለው የዱቄት ሳሙና አይጠፋም። ልብሱ ታጥቦ ሲሰጣ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን እጣቢው የት ይሄዳል? ወንዝ ውስጥ ከገባ ከበታች ውኃ የሚቀዳ ጎረቤት፣ የሚጠጣም ከብት አለ።

አረፋ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ውኃን፣ ሌላው ቅባትን ይይዛል። እድፉ ከልብሱ ለቆ ከውኃው ጋር የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓና በአሜሪካ ይሠራበት የነበረው ዓይነት ግን ቅባት የሚይዘው ጅራቱ ቅርንጫፍ የበዛበት ስለነበር ባክቴሪያዎች በቀላሉ ሊያፈርሱት አልቻሉም። ወንዞች በአረፋ ተሸፈኑ። በ1965 የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጅራቱ ቀጥ ወዳለው ዓይነት ተሸጋገሩ። ይህን ባክቴሪያዎች ከጫፉ ጀምረው ይቆራርጡታል።

እኛ ዘንድ ግን እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ ከጥንት ጀምሮ ነበር። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥና በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን በውኃ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከብዙ ዓመታት ምርምር በኋላ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በቶሎ የሚፈርስ ማጠቢያ ለወንዙ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የሚፈርስ ሁሉ የማይጎዳ አይደለም። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰው ቢውጠውም መርዝ ነው። የፋብሪካውም ማጠቢያ እስኪፈርስ ድረስ ጊዜና አየር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ እህቶች፣ ሳሙናውን መጥናችሁ ተጠቀሙ። ልብሱን ወንዝ ውስጥ ከማጠብ ውኃውን በሳፋ ቀድታችሁ ከዳር እጠቡ። እጣቢውንም ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ ራቅ አድርጋችሁ አፈር ላይ ድፉት፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያፈርሱታል። እንዶድና የዱቄት ሳሙናም ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ልብሳችን ሲጠራ የጎረቤታችን ውኃ ሊደፈርስ አይገባም።