ለሰውነት ሲሉ የሚሞቱ ሴሎች

«ሴል ሞተ» ሲባል ለብዙ ተማሪ ቶሎ ትዝ የሚለው ቁስል ወይም በሽታ ነው። ነገ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስንቆም ግን ሁለት ዓይነት የሴል ሞት መኖሩን ለይተን ማስረዳት ይጠበቅብናል።

አንደኛው በአደጋ የሚመጣ ነው። ቆዳችን በእሳት ሲቃጠል ሴሉ ያብጥና ይፈነዳል፤ በውስጡ ያለው ስለሚፈስ አካባቢው ይቆጣል። ሁለተኛው ሴሉ ራሱ በያዘው መመሪያ የሚካሄድ ነው። ትእዛዙ ሲደርሰው ሴሉ ይኮማተራል፤ ካስፔዝ የሚባሉ ኤንዛይሞች ፕሮቲኖቹን ይቆራርጣሉ፤ ዲኤንኤውም ይበጣጠሳል። በመጨረሻ በሽፋን የተጠቀለሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይሆንና ሌሎች ሴሎች ይውጡታል። ቁስል የለ፣ እብጠት የለ! ኬር፣ ዋይሊና ከሪ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1972 እ.ኤ.አ. ይህን ሂደት አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። ቃሉ የግሪክ ሲሆን የቅጠልን መርገፍ ያመለክታል።

ታዲያ ሰውነት የገዛ ሴሉን ለምን ይገድላል? አንደኛ፣ ቅርጽ ለማውጣት ነው። ፅንስ በማኅፀን ሳለ ጣቶቹ መጀመሪያ የተያያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው ያሉት ሴሎች ሲሞቱ ጣት ከጣት ይለያል። ሁለተኛ፣ ለጥንቃቄ ነው። ዲኤንኤው ክፉኛ የተበላሸ ወይም ቫይረስ የገባበት ሴል ሌላውን ሳይጎዳ እንዲወገድ ይደረጋል።

ነገሩ በቁጥር ሳይቀር የታወቀበት እንስሳ አለ። ሲ. ኤሌጋንስ የምትባል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ትል፣ የመራቢያ ሴሎቿን ሳንቆጥር፣ በዕድገቷ 1,090 ሴሎች ታበጃለች፤ 131ዱ ይሞቱና 959 ይቀራሉ። በዚህች ትል ላይ የተመራመሩት ብሬነር፣ ሆርቪትዝና ሳልስተን በ2002 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሚዛኑ ሲዛባ ግን አደጋ ነው። መሞት የሚገባው ሴል አልሞት ብሎ ሲራባ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶችም የሚሠሩት ይህንኑ የሞት ትእዛዝ በመቀስቀስ ነው።

ላብራቶሪ የሌለው ት/ቤት ብንመደብስ? በመስከረም ኩሬው ገና ስለማይደርቅ፣ ጅራት ያላቸውን የእንቁራሪት ልጆች በጠርሙስ አምጥተን ጅራታቸውን በየጊዜው በማስመሪያ ማስለካት እንችላለን። ጅራቱ ተቆርጦ አይወድቅም፤ ሴሎቹ እየሞቱ ወደ ሰውነት ይመጠጣል። ያኔ «ጅራቱ የት ገባ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ መልሱን ከወዲሁ ይዘን እንሂድ።