የዶሮ መረቅ ወይስ ስፒሩሊና፦ ለአራስ እና ለጿሚ የትኛው ይበጃል?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር በስተምሥራቅ የምትገኘው አውሮራ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በስተደቡብ ደግሞ ሊትልተን ትገኛለች። በእነዚህ ከተሞች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ሰው ሲታመም ወይም እናት ስትወልድ ቶሎ ከሚጣዱት ነገሮች አንዱ የዶሮ መረቅ ነው። በዚያው አካባቢ ባሉ የጤና ምግብ መደብሮች ደግሞ "ስፒሩሊና" የሚባል ጥቁር አረንጓዴ ዱቄት እና እንክብል ይሸጣል።

መረቁ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ፣ አንጀት የሚያርስ ምግብ ነው። ስፒሩሊና በበኩሉ "ከሥጋ የሚበልጥ ፕሮቲን አለው" እየተባለ ይተዋወቃል። ከእንስሳት የማይገኝ በመሆኑም ጾም ሲገባ የሥጋ ምትክ ሊሆን እንደሚችል የሚያስቡ አሉ።

ይሁን እንጂ የሁለቱም ዝና ከሚሰጡት ምግብነት የላቀ ነው። ልዩነቱን አለመረዳት በተለይ ነፍሰ ጡሮችን፣ የሚያጠቡ እናቶችን እና ሕፃናትን ሊጎዳ ይችላል።

ስፒሩሊና ምንድን ነው?

ስፒሩሊና ብዙ ጊዜ "አልጌ" ቢባልም ሳይንቲስቶች የሚመድቡት ሳይኖባክቴሪያ ከሚባሉት፣ እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ከሚያዘጋጁ ጥቃቅን ሕዋሳት ጋር ነው። ጨዋማ እና ሶዳ የበዛበት ሞቃት ውሃ ይስማማዋል።

ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ ከሻላ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው ትንሹ የጪቱ ሐይቅ በተፈጥሮ ስፒሩሊና ይበቅልበታል። ኤልሳቤጥ ከበደ የተባሉ ተመራማሪ ከጪቱ በተወሰደ ስፒሩሊና ላይ ያካሄዱት ጥናት በአውሮፓውያኑ 1996 ታትሟል። በቢሾፍቱ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅም፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ቀለሙን ያገኘው ከእነዚሁ ሕዋሳት ነው። በስምጥ ሸለቆው የሶዳ ሐይቆች የሚታዩት ትንንሾቹ ፍላሚንጎዎች ዋነኛ ምግባቸውም ይኸው ነው።

በቻድ የካነምቡ ሴቶች ስፒሩሊናውን ከኩሬ ቀድተው፣ በአሸዋ ላይ አድርቀው "ድሄ" የሚሉትን ቂጣ መሰል ምግብ ያዘጋጃሉ። ድሄ የሚበላው እንዲሁ ሳይሆን ከወጥ ጋር ተዋህዶ ነው።

በማንኪያ እና በሲኒ ሲለካ

የስፒሩሊና ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በ100 ግራም ያለውን መጠን ነው። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ መሠረት 100 ግራም ደረቅ ስፒሩሊና 57 ግራም ገደማ ፕሮቲን እና 28 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አለው። ቁጥሩ በእርግጥም ከፍተኛ ነው።

ነገር ግን በአንድ ቀን 100 ግራም ስፒሩሊና የሚበላ የለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 7 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ የሚገኘው 4 ግራም ፕሮቲን፣ 2 ሚሊ ግራም ብረት እና 20 ካሎሪ ነው። በእንክብል ለሚወስዱት ደግሞ መጠኑ ከዚህም ያንሳል፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ግራም የሆኑ ስድስት እንክብሎች ሁለት ግራም ፕሮቲን እንኳ አይሞሉም።

በቤት የተቀቀለ አንድ ኩባያ የዶሮ መረቅ በዚሁ ሰንጠረዥ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 86 ካሎሪ እና ግማሽ ሚሊ ግራም ብረት ይሰጣል። ስለዚህ በፕሮቲን ረገድ አንድ ኩባያ መረቅ ከአንድ ማንኪያ ስፒሩሊና በጥቂቱ ይበልጣል፤ በብረት ግን ስፒሩሊናው ይበልጣል። በሱቅ የሚሸጠው የታሸገ መረቅ ከቤቱ የቀጠነ ሲሆን፣ በኩባያ ከ1 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ብቻ የያዘው ብዙ ነው።

የፕሮቲኑ ዓይነትም ይለያያል። መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ከአጥንት እና ከቆዳ በሚወጣው ጄላቲን ምክንያት ነው። ጄላቲን ሰውነት ከምግብ ማግኘት ካለበት አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነው ትሪፕቶፋን የለውም፤ ስለዚህ ብቻውን የተሟላ ፕሮቲን አይደለም። የስፒሩሊና ፕሮቲን በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

ሁለቱም ግን ከተራው ገበታ ሲነጻጸሩ ያንሳሉ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን እና ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ይዟል። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ ደግሞ 31 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። መረቁን ጠጥቶ ሥጋውን ለሌላ መተው ዋናውን ምግብ እንደ መተው ነው።

መረቅ ታዲያ ምን ይጠቅማል?

የመረቅ ጥቅም በፕሮቲን ብቻ አይለካም። ትኩሳት ያለበት፣ ያስመለሰው ወይም የምግብ ፍላጎት ያጣ ሰው ፈሳሽ እና ጨው በቀላሉ እንዲያገኝ ይረዳዋል። አራስ እናት፣ በተለይ የምታጠባ ከሆነ፣ ተጨማሪ ፈሳሽ ያስፈልጋታል።

በአውሮፓውያኑ 1978 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ትኩስ የዶሮ ሾርባ ከቀዝቃዛ ውሃ በተሻለ የአፍንጫን ንፍጥ እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቷል። በ2000 ደግሞ የኔብራስካ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ባደረጉት ሙከራ የዶሮ ሾርባ የአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አይተዋል። ይህ በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ባለመሆኑ መረቅ ጉንፋንን ያድናል ማለት አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል። በሱቅ ከሚሸጡት መረቆች ብዙዎቹ በአንድ ኩባያ ብቻ ከ800 ሚሊ ግራም በላይ ይይዛሉ። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይኖርበታል።

የቫይታሚን ቢ12 ወጥመድ

ከስፒሩሊና ጋር በተያያዘ እጅግ አደገኛው ስሕተት ቫይታሚን ቢ12ን የሚመለከት ነው። ይህ ቫይታሚን ለደም ሕዋሳት እና ለነርቭ አስፈላጊ ሲሆን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላል እና ከወተት ነው።

አንዳንድ የስፒሩሊና ማሸጊያዎች ምርቱ ቢ12 እንዳለው ይገልጻሉ። ሆኖም አብዛኛው የሰው አካል ሊጠቀምበት የማይችል፣ ቢ12ን የሚመስል ሌላ ውህድ ነው። ተመራማሪዎች "ሐሳዊ ቢ12" ይሉታል። መረቅም ቢሆን ሥጋው ካልተበላ ለቢ12 አስተማማኝ ምንጭ አይደለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት 180 ቀናት ያህል፣ ካህናት ደግሞ እስከ 250 ቀናት ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባሉ። ሰውነት ቢ12ን በጉበት ስለሚያከማች፣ በፍስክ ቀናት ሥጋ፣ እንቁላል እና ወተት የሚመገብ ጤናማ ሰው በጾም ምክንያት ብቻ ወዲያው እጥረት አይገጥመውም። ሥጋቱ የሚያይለው ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ በማይበሉ፣ በፍስክም እምብዛም በማያገኙ እና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነው።

እጥረት ያለባት እናት ስታጠባ ሕፃኑም ይጎዳል፤ ችግሩ በጊዜ ካልታወቀ የአንጎል እና የነርቭ እድገቱ ሊታወክ ይችላል። ቢ12 የተጨመረባቸው የእህል ምግቦች፣ የአኩሪ አተር ወተት እና ሐኪም የሚያዝዘው እንክብል አስተማማኝ አማራጮች ናቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶች እና ሕሙማን ጾምን በሚመለከት ከሐኪማቸው እና ከንስሐ አባታቸው ጋር መመካከር ይችላሉ።

ብረት፣ ቡና እና ከፍታ

በአሜሪካ የሚመከረው የብረት መጠን ከ19 እስከ 50 ዓመት ላሉ ሴቶች በቀን 18 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 27 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ማንኪያ ስፒሩሊና ነፍሰ ጡር ከሚያስፈልጋት ከአሥር አንዱን እጅ እንኳ አይሸፍንም።

በምስር፣ በሽሮ እና በስፒሩሊና ያለው ብረት ከሥጋው ይልቅ ለሰውነት ለመዋሐድ ይከብደዋል። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ አብሮ መብላት ይረዳል። ምግቡ እንዳለቀ የሚጠጣ ቡና እና ሻይ ግን ብረቱ እንዳይዋሐድ ያግዳሉ፤ ስለዚህ ደም ማነስ ያለበት ሰው ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገየው ይመረጣል።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው የሄሞግሎቢን መጠን በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል የጤና ባለሙያዎች የደም ማነስን ሲለኩ ይህን ያሰላሉ። በመሆኑም ድካም የሚሰማው ሰው ስፒሩሊና ከመግዛቱ በፊት ቢመረመር ይሻላል።

ከመግዛት በፊት

በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንደ ስፒሩሊና ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት የምግብ እና መድኃኒት አስተዳደሩ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ለምርቱ ደኅንነት በቀዳሚነት የሚጠየቀው አምራቹ ነው። ስለዚህ በገለልተኛ ተቋም ለመመርመሩ ምልክት ያለበትን መምረጥ ይመከራል።

ምክንያቱም ስፒሩሊና ባልተጠበቀ ውሃ ሲመረት እንደ እርሳስ ባሉ ብረቶች ወይም ሌሎች ሳይኖባክቴሪያዎች በሚያመነጩት፣ ጉበትን በሚጎዳ መርዝ ሊበከል ይችላል። በኮሎራዶ ሐይቆችም በበጋ ወራት ስለዚሁ መርዝ ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ። ውሃ አረንጓዴ መሆኑ ብቻ የሚበላውን ከመርዛማው አይለይም፤ ከሐይቅ ቀድቶ መጠቀምም አይገባም።

እንደ ሉፐስ ያለ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እና ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው በዘር የሚወረስ ችግር ያለባቸው ስፒሩሊና እንዲወስዱ አይመከርም። ለነፍሰ ጡሮች ደኅንነቱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ ስለሌለም ሐኪም ሳያማክሩ ባይጀምሩት ይመረጣል።

ለአራስ መረቁ ከነሥጋው፣ ለጿሚ ደግሞ ምስሩ፣ ሽሮው እና ጎመኑ ከአስተማማኝ የቢ12 ምንጭ ጋር የተሻለ ገበታ ነው። ስፒሩሊና በዚያ ላይ ሊጨመር ይችል ይሆናል እንጂ ገበታውን አይተካም።