የመርካቶ ትምህርት ቤቶችና የመምህሩ ሸክም

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚያስተምር መምህር የተማሪ ብዛትን፣ የመጽሐፍ እጥረትንና ወር የማያደርስ ደመወዝን ከመላ አገሪቱ ባልደረቦቹ ጋር ይጋራል። በዚህ ላይ ሌላው ብዙም የማይገጥመው ተፎካካሪ አለበት፤ ከግቢው አጥር ማዶ የተዘረጋው ገበያ። መርካቶ ዛሬ ባለበት ቦታ የተቆረቆረው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ትልቁን ገበያ ለነጮች ከለየው ሰፈር አርቆ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው፣ ለአገሬው ሰው የተመደበው መንደር አዲስ ከተማ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ጎማ ተራ እየተባለ የሰፋው ገበያ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞና ከወላይታ ለሚመጣ ወጣት የመጀመሪያ እንጀራ መብያው ሆኖ ቆይቷል። ሊስትሮው፣ ሱቅ በደረቴው፣ ኩሊውና የሱቅ ረዳቱ በዕድሜያቸው የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ጨርሶ ያልተመዘገበ አለ፤ ተመዝግቦ በበዓል ሰሞን የሚጠፋም አለ። የአጎቱን ሱቅ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቅ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ፣ ዋጋው በአንድ ቀን ሁለቴ ሲቀየር ያያል። የመቶኛ ስሌትን ከሰሌዳው ይልቅ በካልኩሌተር ያውቀዋል። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ጎረምሳ እዚያው ተራ ዕቃ ሲያወርድም ያያል። እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ነገሩን ስንፍና ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ የራሱን ሒሳብ ሠርቷል። መምህሩ ሊያሳምነው የሚሞክረው ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚገኝ ጥቅም ነው፤ ገበያው ግን ማታውኑ ይከፍላል።

ገበያው ራሱም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ ላይ የተነሳው ቃጠሎ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ አውድሟል። የወላጅ ገቢ በአንድ ሌሊት ሲቋረጥ የልጁ የትምህርት ወጪም አብሮ ችግር ውስጥ ይገባል።

ልጆችን ክፍል ውስጥ በማቆየት ረገድ ባለፉት ዓመታት ጎልቶ የሚታየው ለውጥ የምገባ ፕሮግራሙ ነው። ሥራው በበጎ አድራጎት ማኅበር ተጀምሮ ከ2012 ጀምሮ በከተማው አስተዳደር በጀት ሲሸፈን፣ የደንብ ልብስና ደብተርም በነፃ መታደል ጀመረ። በመንግሥት ቅድመ መደበኛና መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ቁርስና ምሳውን እዚያው ይበላል፤ ምግቡን የሚያዘጋጁት ደግሞ ባብዛኛው ከአካባቢው የተውጣጡ እናቶች ናቸው። ቀደም ሲል በረሃብ ዴስክ ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ ለመምህሩ የዕለት ተዕለት ትዕይንት ነበር። የትምህርት ጥራት ሲነሳ ሁሉም ስለ ፈተናና ስለ ሥርዓተ ትምህርት ይናገራል፤ አንድ ሳህን ቅንጨ ለማስተማር ሥራ ያደረገውን ያህል ያደረገ ሥልጠና ግን በቀላሉ አይገኝም።

ምግቡ ልጆቹን አመጣቸው፤ የክፍሉ ስፋት ግን ያው ነው። የአገሪቱ መለኪያ በመጀመሪያ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል። መለኪያው ተጠብቋል ብንል እንኳ ስድስት ክፍል የሚያስተምር የሒሳብ መምህር 300 ደብተር ይጠብቀዋል። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ የአንድ ጊዜ የቤት ሥራ ማረም አሥር ሰዓት ይፈጃል። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር በወረቀት ላይ እንከን የለውም፤ ተማሪው በየጊዜው እየተመዘነ ድክመቱ ይታወቅለታል፣ እርዳታም ያገኛል። አሥሩን ሰዓት ከየት ማምጣት እንደሚቻል ግን መመሪያው አይናገርም። በተግባር መምህሩ ደብተሩን ምልክት አድርጎ ይመልሳል፣ ወይም ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲተራረሙ ያደርጋል።

መመሪያው ራሱም በየዘመኑ ተለዋውጧል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ይዞ መጣ፤ ትምህርትን በማስፋፋት በኩልም ውጤቱ አይካድም። በዚያን ጊዜ ከጥቂት ሚሊዮን የማይበልጠው የተማሪ ቁጥር በ2012 ከ26 ሚሊዮን አልፏል። ጥራቱ ግን አብሮ አልተጓዘም። በ2002 በተደረገ የማንበብ ችሎታ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለሁለተኛ ደረጃ ቀደም ብሎ የተፈለገው መፍትሔ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ነበር። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥን ነበር፤ ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው አይቆምለትም ነበር። የክፍሉ መምህር ድርሻ መግቢያና ማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ መናገር ብቻ ነበር። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ይህ ሙከራ መምህሩን በገዛ ክፍሉ እንግዳ አድርጎት አልፏል።

በ2015 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እርከኑን ወደ ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት ቀየረው፤ ግብረ ገብንም ወደ ክፍል መለሰ። ትምህርቱ ሲጀመር ግን ብዙው መጽሐፍ ገና አልታተመም ነበር። መምህራን ምዕራፎቹን በቴሌግራም በፒዲኤፍ እየተቀባበሉ አስተማሩ። አቅም ያለው ወላጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ አሳተመ፤ የሌለው ልጅ ከሰሌዳ ገለበጠ። የአገሪቱ ትልቁ የደብተርና የጽሕፈት መሣሪያ ገበያ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ማጣቱ ለሚያየው ሰው ግር የሚል ነገር ነው።

የዚህ ሁሉ ድምር የታየው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ነበር። የኋላ ኋላም ኩረጃው እየተደራጀ ስለሄደ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ አደረጉ። በ2015 ጥር ውጤቱ ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለ2015 ተፈታኞች 3.2፣ ለ2016 ተፈታኞች ደግሞ 5.4 በመቶ ተመዘገበ። በሦስቱም ዓመታት ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም።

ክርክሩ የጦፈው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ወገን መምህሩ አያስተምርም፣ ራሱም ትምህርቱን በወጉ አያውቀውም ይላል። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ወደ መምህራን ማሠልጠኛ የሚላከው ውጤቱ ለሌላ መስክ ያልበቃ ተማሪ ነበር። ሌላው ወገን 12ኛ ክፍል የደረሰው ልጅ 2ኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለው መሆኑን ያስታውሳል። የዓለም ባንክ ስሌት እንደሚያሳየው ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር የአሥር ዓመት ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። የፊዚክስ መምህሩ ስለ ኤሌክትሪክ ከማስረዳቱ በፊት እንግሊዝኛውን ማስነበብ አለበት፤ ይህን ክፍተት በ40 ደቂቃ የሚሞላ መምህር የለም። በማስረጃ ሲመዘን ሁለተኛው መከራከሪያ ይጠነክራል።

በ2017 የማለፊያ መጠኑ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ቁጥሩን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2014 ወደ 900 ሺህ ይጠጋ የነበረው ተፈታኝ በ2017 ከ600 ሺህ አንሷል። ያለፉት ከ30 ሺህ ግድም ወደ 49 ሺህ ግድም ማደጋቸው እውነተኛ መሻሻል ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ በግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በአገር አቀፍ ደረጃም ከትምህርት ውጭ የሆኑት ሕፃናት ወደ 9 ሚሊዮን እንደሚጠጉ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገልጸዋል። ወደ ፈተናው ያልደረሱት በመቶኛው ውስጥ አይታዩም።

መንግሥት በክረምት መምህራንን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ያሠለጥናል፤ ኮተቤም ወደ ትምህርት ዩኒቨርሲቲነት ተለውጧል። ጎበዝ ተማሪን ወደ ሙያው የሚስበው ግን በመጨረሻ ኑሮው ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ ለዚህ ለውጥ ከመርካቶ ነጋዴ ቀድሞ ምላሽ የሰጠ የለም። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲስተካከል የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ቢልም፣ ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ መሀል ከተማ መኖር አይታሰብም። መምህሩ ዳር ተከራይቶ በሁለት ታክሲ ይመጣል፤ ከሥራ በኋላም የሰው ልጅ ያስጠናል ወይም ድለላ ውስጥ ይገባል። እንደ ወላይታ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ይኸው ደመወዝ በወቅቱ ባለመከፈሉ መምህራን ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል።

መምህራን በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ምን ያህል ኃይል እንደነበራቸው የ1966ቱ ታሪክ ያሳያል። በ1941 የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ የድሃውን ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት የሚያስቀር ነው ብሎ ተቃወመ፤ የካቲት 11 ቀን በተጀመረው አድማ ታክሲ ነጂዎችም አብረው ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ፤ አድማውም የአብዮቱ መባቻ ሆነ። በኢሕአዴግ ዘመን ግን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ታሰሩ፤ ከአመራሩ አንዱ አሰፋ ማሩ በ1989 በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ ማኅበሩም ለሁለት ተከፍሎ በፍርድ ቤት ሲሟገት ኖረ። ዛሬ ስለ ፈተና፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርትም ሆነ ስለ ምዘና የሚወሰነው ባብዛኛው መምህሩ በሌለበት መሆኑ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። በኅዳርና በታኅሣሥ 2015 በአንዳንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ባንዲራና መዝሙር ባስነሳው ውዝግብ ትምህርት ሲቋረጥም፣ ውሳኔው የሌላ ሆኖ ረብሻውን ፊት ለፊት የተጋፈጠው መምህሩ ነበር።

አቅም ያለው የመርካቶ ነጋዴ ልጁን ቀድሞውኑ ወደ ግል ትምህርት ቤት ወስዷል። እዚያ ያለው ክርክር ስለ ክፍያ ጭማሪ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ከወላጅ ጋር እንዲስማሙ ይጠበቃል፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳዩ ወደ ከተማው የትምህርት ቁጥጥር ባለሥልጣን ይሄዳል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀረው የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ቸርቻሪዋና የተከራዩ ልጅ ነው። ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ ይህ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ይዛወራል፤ ልጁም በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይቀይራል።

ብዙም የማይወራለት የማታው ትምህርት ነው። ቀን ሱቅ ሲጠብቅ ወይም ሸክም ሲያወርድ የዋለ ወጣት ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ገበያው ሲዘጋ ነው። ሱቁ የሚዘጋበትና ትምህርቱ የሚጀምርበት ሰዓት ከተቀራረበ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪው በሩን ሲገባ ያልቃል፤ ሒሳብ በዚያ ሰዓት ከተመደበ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ ያመልጠዋል። የማታውን መርሐ ግብር በግማሽ ሰዓት ማዘግየት ወይም ከባዱን ትምህርት ወደ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ማዛወር አዲስ በጀትም ፖሊሲም አይጠይቅም፤ ርእሰ መምህሩና መምህራኑ በአንድ ስብሰባ ሊወስኑት የሚችሉት ነገር ነው።