ርካሽ እጥበት፣ ውድ ጥገና

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሐር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና አሮጌ ሕንፃ ያለው ባለንብረት ክረምት ሲወጣ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ ይጠብቀዋል፤ ዝናብ ያበቀለው ሻጋታና የመኪና ጥላሸት። በኃይለኛ ግፊት ማጠብ ፈጣን ቢሆንም አሮጌ ልስን ይሸርፋል፣ ውሃም በስንጥቅ ያስገባል፤ የጥገናው ወጪ ከእጥበቱ ሊበልጥ ይችላል። «ለስላሳ እጥበት» የሚባለው ግን ሥራውን ለኬሚካሉ ይተዋል፤ በውሃ የቀጠነ በረኪናና ሳሙና በዝቅተኛ ግፊት ይረጭና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል።

በረኪና ሻጋታን ይገድላል እንጂ ጥላሸት አያነሣም፤ ለጥላሸቱ ሌላ ማጽጃ ያስፈልጋል። የመስኮት ብረትም ይበላል፤ ከአሲድ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የካሬ ሜትሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚረጨውንም መጠየቅ፣ በአንድ ጥግ ላይም አስቀድሞ ማስሞከር ያዋጣል።